ጥቂቱ ጦር ብዙውን ጥምር ጦር የሚያሸንፍበት ስሌት

ጥያቄ፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ታሪክ ስናነብ ግን አንዲት ትንሽ አገር ሦስትና አራት ኃያላን አብረው ዘምተውባት ስታሸንፍ እናያለን። ምስጢሩ የአዛዡ ብልሃት ነው፣ የወታደሩ ወኔ ነው ወይስ ዕድል? በስሌት የሚገለጽ ነገርስ አለው?»

ምላሽ፦ በስሌት የሚገለጽ ነገር አለው። ብልሃቱም ወኔውም የሚሠሩት በዚያ ስሌት ውስጥ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አንድ ቀላል ነገር በሒሳብ አስቀመጠ። በተኩስ ውጊያ ቁጥሩ የበዛው ወገን ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፤ የሚተኩስለት ሰው ይበዛል፣ በእያንዳንዱ ወታደሩ ላይ የሚያነጣጥረው ጠላት ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ የጦሩ ጉልበት የሚለካው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። በመሣሪያና በችሎታ እኩል የሆኑ 40 ሺህና 30 ሺህ ሰዎች ገጠሙ እንበል። 40 በ40 ሲባዛ 1,600፣ 30 በ30 ሲባዛ 900 ነው። ልዩነቱ 700፣ የእሱም ስኩዌር ሩት 26 ገደማ። ውጊያው እስከ መጨረሻው ቢሄድ 40 ሺሁ ጦር 30 ሺሁን ደምስሶ 26 ሺህ ሰው ይተርፈዋል ማለት ነው። ጥቂቱ ጦር ከነወኔው ያልቃል።

አሁን ያው 40 ሺህ ለሁለት ተከፍሎ 20 ሺሁ ዛሬ፣ 20 ሺሁ ነገ ቢመጣስ? በመጀመሪያው ቀን ከ900 ላይ 400 ይቀነሳል፤ 500 ይቀራል፣ ወደ ሰው ሲመለስ 22 ሺህ ገደማ። በሁለተኛው ቀን ከ500 ላይ ሌላ 400 ይቀነስና 100 ይቀራል፤ 10 ሺህ ሰው። 30 ሺሁ ጦር ሁለቱንም ደምስሶ 10 ሺህ ሰው ይዞ ቆመ። አንድም ወታደር ከትናንት ይልቅ ጀግና አልሆነም፤ የተለወጠው ጠላቱ የደረሰበት ሰዓት ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስተኛ 20 ሺህ ከኋላ ቢከተል የተረፈው 10 ሺህ አይችለውም። ይህን ሦስተኛ ጦር አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እውነተኛ ውጊያ እንዲህ በንጹሕ ሒሳብ አይሄድም። ጦር እስከ መጨረሻው ሰው አይዋጋም፣ ከማለቁ በፊት ይፈታል። በጠባብ በር ላይ በጦርና በጎራዴ ሲገጠምም ከኋላ የቆመው ስለማይዋጋ የብዛቱ ጥቅም ይቀንሳል። ሒሳቡ የሚያሳየን አቅጣጫውን ነው፤ ጥቂቱ ጦር ብዙውን አያሸንፍም፣ የሚያሸንፈው የብዙውን ቁራጭ ነው፣ ያውም ቁራጮቹ ሳይገናኙ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ብዙው ጦር ለምን ተቆራርጦ ይመጣል?» የሚለው ነው። ጥምር ጦር ደግሞ በተፈጥሮው ተቆራርጦ የሚመጣ ጦር ነው።

ለዚህ ከሰባቱ ዓመት ጦርነት፣ ከ1756 እስከ 1763 ከተካሄደው፣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ስለ አውሮፓ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፕሩሺያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ 4 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብና 150 ሺህ ገደማ ጦር ነበረው። በተቃራኒው ኦስትሪያ፣ ሩሲያ፣ ፈረንሳይ፣ ስዊድንና አብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ተነሡበት፤ የፈረንሳይ ሕዝብ ብቻውን 25 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሁሉም በአንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ጦርነቱ በአንድ ወቅት ባለቀ። አልተገናኙም። ኦስትሪያ የምትፈልገው ፍሬድሪክ የነጠቃትን የሲሌዥያን ግዛት ማስመለስ ነበር። የፈረንሳይ ልብ ከእንግሊዝ ጋር በባሕርና በቅኝ ግዛት በያዘችው ፉክክር ተከፍሏል። የሩሲያ ጦር በየዓመቱ ከሩቅ ተነሥቶ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ክረምት ሲገባም ይመለሳል። በቪየና፣ በቬርሳይና በሴንት ፒተርስበርግ መካከል ደብዳቤ በፈረስ ሲመላለስ ሳምንታት ይወስዳል። ፍሬድሪክ ግን ንጉሥም የጦር አዛዥም ራሱ ስለነበረ የሚያስፈቅደው ሰው የለውም። ማታ ያሰበውን ሌሊት ያዝዛል፣ ንጋት ላይ ጦሩ መንገድ ላይ ነው።

ሌላው ጥቅሙ መሐል ላይ መሆኑ ነው። የጦር ባለሙያዎች «የውስጥ መስመር» ይሉታል። ጠላቶቹ ዙሪያውን ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ለመድረስ ክቡን መዞር አለበት። መሐል ያለው ግን በአጭሩ ያቋርጣል። በ1757 መኸር ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ወር ውስጥ ታየ።

ኖቬምበር 5፣ ሮስባኽ። ከምዕራብ የመጡት ፈረንሳዮችና የጀርመን ግዛቶች ጦር በድምሩ 41 ሺህ ገደማ፣ የፍሬድሪክ 22 ሺህ። ጥምሩን ጦር ሁለት ሰዎች ይመሩታል፤ ፈረንሳዊው ሱቢዝ ውጊያውን ይሸሻል፣ የግዛቶቹን ጦር የሚመራው ሂልድቡርግሃውዘን እንግጠም ይላል። በመጨረሻ የፕሩሺያን ጦር በግራ በኩል ዞረው ለመግባት ተስማሙ፤ የፕሩሺያ ድንኳን ድንገት ሲፈርስም እየሸሸ መሰላቸውና በረጅም የጉዞ ሰልፍ፣ በቂ ቅኝት ሳያደርጉ ተጣደፉ። ከጉብታው ጀርባ የተሰወሩት በጄኔራል ሳይድሊትስ የሚመሩ 38 ስኳድሮኖች (የፈረሰኛ ጓዶች) የሰልፉን ጭንቅላት መቱት። ከጉብታው ላይ መድፎች ተኮሱ፣ ከዚያ እግረኛው ወረደ። ልብ በሉ፤ ከፕሩሺያ እግረኛ በትክክል የተዋጉት 7 ሻለቆች ብቻ ነበሩ። በጥምሩ በኩልም ከኋላ ያለው ወታደር ተራው ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። ፕሩሺያ ያጣችው በሞትና በቁስል 550 ገደማ ሰው፣ ጥምሩ ከምርኮኛ ጋር 10 ሺህ ገደማ።

ፍሬድሪክ አላረፈም። ሲሌዥያ ውስጥ ኦስትሪያ ዋናዋን ከተማ ብሬስላውን እየወሰደች ነበር። ኖቬምበር 13 ከላይፕዚግ በ13 ሺህ ገደማ ሰው ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ለዚያ ዘመን ይህ ፈጣን ጉዞ ነው። የዘመኑ ጦር የሚንቀሳቀሰው በዳቦው ልክ ነውና። አንድ ወታደር በቀን 1 ኪሎ ገደማ ዳቦ ይታሰብለታል፤ 60 ሺህ ሰው በቀን 600 ኩንታል ማለት ነው። ዱቄቱ ከመጋዘን ይመጣል፣ በዘመቻ ምድጃ ይጋገራል፣ በጋሪ ይከተላል። ስለዚህ ጦሩ ከምድጃው የጥቂት ቀን መንገድ ርቆ ከሄደ ቆሞ ምድጃውን ወደፊት ማዛወር ነበረበት። ፍሬድሪክ በዚያ ጉዞ ይህን ሰንሰለት ለጊዜው ተወውና ወታደሩን በየመንደሩ ሰው ቤት አሳደረው። ባለቤቱ ያበላዋል። ለ13 ሺህ ሰው ይህ ይቻላል፤ ለ65 ሺህ ሰው አይቻልም። ትንሽነት የሚጠቅምበት አንዱ ቦታ እዚህ ነው፣ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ዲሴምበር 5፣ ሎይተን። ሲሌዥያ ውስጥ ከተሸነፈው የፕሩሺያ ጦር ርዝራዥ ጋር ተደምሮ የፍሬድሪክ ሰው 35 ሺህ ገደማ ሆነ፤ የኦስትሪያና የአጋሮቿ 65 ሺህ ገደማ። ይህን ውጊያ በዝርዝር ማየት ይገባል፤ የተጠየቀው ነገር ሁሉ እዚህ አለ።

የኦስትሪያ ግንባር ከሰሜን ወደ ደቡብ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። በአገራችን ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉት ማዕረጎች ጦር ፊት፣ ቀኝ፣ ግራና መሐል ያለው አካል መሆኑን ያስታውሳሉ። የዚያ ዘመን የአውሮፓ እግረኛ ጎን ለጎን በሦስትና በአራት ረድፍ የሚቆም ቀጭን ግድግዳ ነው። ጠመንጃው ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ጫፉ ላይ ከጎን የመጣ ጠላት የሚያገኘው የጥቂት ሰው ተኩስ ነው፤ የተቀረው ሺህ ሰው መተኮስ ቢፈልግ የራሱን ጓድ ይመታል። ጫፉን የያዘ ሰው እንግዲህ 65 ሺህ አይገጥመውም፤ የሚገጥመው በየተራ የሚመጣ ሻለቃ ነው። የላንቸስተር ሒሳብ በአንድ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሠራ።

ችግሩ ጫፉ ጋ ሳይታዩ መድረስ ነው። ፍሬድሪክ ቦርና በተባለ መንደር አካባቢ ያሉትን የጠላት ቀዳሚ ፈረሰኞች በትኖ በኦስትሪያ ቀኝ በኩል፣ ማለትም በሰሜን፣ ሊያጠቃ የመጣ መሰለ። የቀኙ ክንፍ አዛዥ ሉኬዚ እርዳታ ጠየቀ፤ ተጠባባቂው ጦር ወደ እሱ ተላከ። በዚያ ሰዓት ዋናው የፕሩሺያ ጦር ከዝቅተኛ ኮረብታዎች ጀርባ ወደ ደቡብ እየሄደ ነበር። ቦታውን ያውቀዋል፤ በሰላም ጊዜ የጦር ልምምድ ያደረገበት ሜዳ ነው። የኦስትሪያ አዛዦች ሰልፉ ከዓይናቸው ሲጠፋ ፕሩሺያ እየሸሸ ነው ብለው ገመቱ። ያ ሰልፍ ግን ዛግሹትስ ከሚባለው መንደር ትይዩ ወጣ፤ የጥምሩ ግራ ጫፍ እዚያ ነበር፣ የቆሙበትም ከቩርተምበርግና ከባቫሪያ የተዋጡ አጋሮች ነበሩ። ጫፍ በራሱ ደካማ ነው፤ የሁለት ጦር መጋጠሚያም ደካማ ነው፤ እዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑ። አጋሮቹ ብዙም ሳይቆዩ ተፈቱ። የግራው አዛዥ ናዳስዲ ቀድሞ እርዳታ ለምኖ ነበር፤ ተጠባባቂው ግን ሰሜን ነበር።

የፕሩሺያ እግረኛ የቀረበው በሰያፍ ሰልፍ ነው። ቀኙ ቀድሞ፣ እያንዳንዱ ሻለቃ ከጎኑ ካለው ጥቂት እርምጃ ወደኋላ እየቀረ፣ እንደ ደረጃ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ደካማውን ጫፍ የሚመታው ቀኝ ይዋጋል፣ ግራው ሳይነካ ይቆያል፣ የጠላትን ትልቁን ክፍል ግን በመኖሩ ብቻ አስሮ ያቆመዋል። ይህ የሚሠራው ወታደሩ በአንድ እርምጃ ልክ፣ ክፍተቱን ሳያሰፋ መሄድ ሲችል ነው። የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል፤ ከተለያዩ ግዛቶች በቅርብ የተሰበሰበ ጦር አይችለውም። ከግሎጋው ምሽግ የመጡት ከባድ ባለ 12 ፓውንድ መድፎች ከኮረብታ ኮረብታ እየተዛወሩ እግረኛውን ተከተሉት።

ኦስትሪያዎች አዲስ ግንባር በሎይተን መንደር ላይ ለማቆም ሞከሩ። 8 ኪሎ ሜትር የተዘረጋን ጦር ወደ ጎን ማዞር ግን ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ የደረሰው ቆመ፣ ኋላ የመጣው ከጀርባው ተከመረ። በአንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ 30 ሰውና ከዚያ በላይ ሆነ። ከፊት ያሉት ብቻ ይተኩሳሉ፣ የፕሩሺያ የመድፍ ጥይት ግን እስከ ኋላው ይዘልቃል። ብዛት እዚህ ላይ ሸክም ሆነ። እንዲያም ሆኖ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቆመው ክፍል በጽኑ ተዋግቷል፤ ሊነገርለት ይገባል። መጨረሻ ላይ ሉኬዚ ፈረሰኛውን ይዞ የፕሩሺያን እግረኛ ጎን ሊመታ ሲወርድ፣ ተሰውሮ የቆየው የድሪዘን ፈረሰኛ እሱን ራሱን ከጎን መታው። ሲመሽ ኦስትሪያ 22 ሺህ ገደማ ሰው አጥታለች፣ ከዚህ ውስጥ 12 ሺህ ያህሉ ምርኮኛ። ፕሩሺያ 6,400 ገደማ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሬስላው 17 ሺህ ያህል ሰው ይዛ እጇን ሰጠች።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ያቆማል፤ ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል። በዚያው ዓመት ጁን 18 ይኸው ንጉሥ፣ በዚያው ጦር፣ በዚያው ዘዴ ኮሊን ላይ ተሰባብሯል። የኦስትሪያው ዳውን 54 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ፍሬድሪክ 34 ሺህ ገደማ። የጎን ጉዞው ከኮረብታው ወለል ብሎ ይታያል፤ ዳውን ሰዉን ጉዞውን እየተከተለ አዛወረ። መንገድ ላይ ከመንደር የሚተኩስባቸው ጠላት ያበሳጫቸው የፕሩሺያ ክፍሎችም ያለጊዜያቸው ፊት ለፊት ገጠሙ። ሰያፉ ሰልፍ ተራ የፊት ለፊት ጥቃት ሆነ፣ 13 ሺህ ገደማ ሰውም ጠፋ። የሎይተን ዘዴ የሚሠራው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ የሚሰውር መሬት፣ የማይዘናጋ ልምምድ፣ የተዘናጋ ጠላት። አንዱ ሲጎድል የላንቸስተር ሒሳብ ወደ ብዙው ወገን ይመለሳል። «ወኔ ካለ ቁጥር ምንም አይደለም» የሚል አዛዥ የሰው ልጅ ሕይወት የሚያስጨርሰው ይህን ባለማስተዋል ነው።

ስለ ዕድልም ተጠይቋል። ኦገስት 12 ቀን 1759 ኩነርስዶርፍ ላይ ሩሲያና ኦስትሪያ በእርግጥ ተገናኙ፤ 60 ሺህ ከሚበልጥ ጥምር ጦር ጋር የገጠመው ፍሬድሪክ ከ50 ሺህ ገደማ ሰው 19 ሺህ ያህል አጣ። ያን ዕለት ማታ ለሚኒስትሩ ሲጽፍ ከ48 ሺህ ሰው በእጁ የቀረው 3 ሺህ እንደማይሞላ ገለጸ። በርሊን 100 ኪሎ ሜትር አይርቅም። አልሄዱባትም። የሩሲያው አዛዥ ሳልቲኮቭ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ውጊያ ተዋግቶ ሰዉ አልቋል፤ አሁን ተራው የኦስትሪያ ነው ባይ ነው። ዳውን ደግሞ የፍሬድሪክ ወንድም ልዑል ሄንሪ የስንቅ መስመሩን ስለሚያሰጋው መራቅ አልፈለገም። እነሱ ሲጻጻፉ የተበተነው የፕሩሺያ ወታደር በቀናት ውስጥ ተመልሶ ተሰበሰበ። ፍሬድሪክ ራሱ «ተአምር» ብሎ ጠርቶታል። ከውጭ ሲያዩት ዕድል ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ሁለት አዛዦች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ንጉሣዊ ቤት ትክክለኛውን ስሌት ሠርተው ነው። የድሉን ዋጋ የሚከፍለው አንዱ፣ ጥቅሙን የሚካፈለው ሌላው ከሆነ ማንም ቀድሞ አይሄድም። በ1761 ቡንትሰልቪትስ ላይም 50 ሺህ በሚያህል የፕሩሺያ ጦር ምሽግ ፊት 130 ሺህ ያህል ጥምር ጦር ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆሞ፣ ማን ቀድሞ ያጥቃ በሚለው ሳይስማማ፣ ዳቦው ሲያልቅ ሩሲያዎቹ ሄዱ።

እውነተኛው ዕድል የመጣው ጃንዋሪ 5 ቀን 1762 ነው፤ የሩሲያ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሞተች፣ ተተኪው ሣልሳዊ ጴጥሮስ በሜይ ወር ሰላም ፈረመ። በሒሳቡ የቀረው «ሦስተኛው 20 ሺህ» ሳይደርስ ተመለሰ ማለት ነው። ያ ባይሆን ፕሩሺያ የምትቋቋምበት ሰውም ገንዘብም እያለቀ ነበር። ከ1758 ጀምሮ እንግሊዝ በዓመት 670 ሺህ ፓውንድ ስትረዳት ቆይታለች፣ ፕሩሺያም ራሷ የብር ሳንቲሟን እያቀለለች ትመታ ነበር። ስለዚህ «ስታሸንፍ» የሚለውን ቃል ማረም እፈልጋለሁ። በ1763 ፕሩሺያ የያዘችውን ይዛ ቀረች እንጂ ያገኘችው አዲስ መሬት የለም። የሮስባኽና የሎይተን ድሎች ጊዜ ገዙላት፤ ጥምረቱን ያፈረሰው ጊዜ ነው።

ጥምረት ይህን በሽታውን ሊያክም ይችላል፣ አክሞም ያውቃል። በጁላይ 1813 ናፖሊዮንን የገጠሙት ኃይሎች ትራኸንበርግ ላይ አንድ ደንብ ተስማሙ፤ ናፖሊዮን ራሱ የመጣበት ጦር ያፈገፍጋል፣ ሌሎቹ የእሱን ማርሻሎች ይመታሉ። ናፖሊዮን ድሬስደን ላይ ቢያሸንፍም ማርሻሎቹና ጄኔራሎቹ ግሮስቤረን፣ ካትስባኽ፣ ኩልም፣ ዴነቪትስ ላይ ተመቱ፤ በኦክቶበር ላይፕዚግ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሱበት። በፌብሩዋሪ 1814 የፕሩሺያው ብሉኸር ሰዉን በመንገድ ላይ አዝረክርኮ ሲጓዝ ናፖሊዮን በ30 ሺህ ገደማ ሰው ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት አራት ጊዜ መታውና ከ15 ሺህ በላይ ሰው አሳጣው፤ ይህ የሎይተን ሒሳብ ዳግም ነው። አጋሮቹ ግን በማርች ወር ሾሞን ላይ ማንም ለብቻው ሰላም እንዳይፈርም፣ እያንዳንዱም 150 ሺህ ሰው እንዲያቆም ተዋዋሉ። በወሩ መጨረሻ ፓሪስ ተያዘች። ናፖሊዮን ውጊያ ማሸነፉን አላቆመም ነበር፤ የሚለያየው ጥምረት ግን አጣ።

ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዓድዋም ስለሚጠቀስ አንድ ነገር ላስተካክል። በቁጥር ያነሰው የጣሊያን ጦር ነበር፤ 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ። የእኛው ወገን 100 ሺህ ያህል ይገመታል፣ በአሠራሩም ጥምር ጦር ነበር። የሸዋው፣ የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የሐረሩ የራስ መኮንን፣ የወሎው የራስ ሚካኤል፣ የትግራዩ የራስ መንገሻና የራስ አሉላ፣ የእቴጌ ጣይቱም ጦር፣ እያንዳንዱ በጌታው ሥር። ከሮስባኽ ጥምረት የሚለየው በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር፣ በአንድ አካባቢ ሰፍሮ፣ በአንድ ሰዓት መነሣት መቻሉ ነው። ስንቁ እያለቀ ስለነበር ብዙ ቀን መቆየት አይችልም ነበር፤ የጣሊያኑ ዋና አዛዥ ባራቲየሪም ስንቁ እያለቀበት ቀድሞ ተነሣ። የጣሊያን ጦር በሌሊት ጉዞ ተለያየ፤ የአንዱ ብርጌድ አዛዥ አልቤርቶኔ በካርታው ስህተት «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ ፍለጋ ከሌሎቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጠዋት መጀመሪያ እሱ ተመታና ተማረከ፣ ቀጥሎ መሐል ያለው አሪሞንዲ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ተነጥሎ የቀረው ዳቦርሚዳ። ፍሬድሪክ በ35 ሺህ ሰው የሠራውን ሒሳብ እዚህ ብዙው ወገን ራሱ ሠራው፤ ዳቦርሚዳም የሁለቱ ብርጌዶች መጥፋት ሳይደርሰው ለሰዓታት ብቻውን ተዋግቶ በዚያው ሸለቆ ወደቀ።